ቼርቬቴሪ፦ የቤታቸውን መልክ በመቃብር ያስቀመጡ ሰዎች

(ይህ ሮም ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ አነጋገሩን ግን አልነካሁትም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ የባሕሩን አቅጣጫ ይዛችሁ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ቼርቬቴሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በበጋ ላዲስፖሊ ለመዋኘት የምትወርዱ ሰዎች ስሟን ባቡር ጣቢያው ላይ አይታችሁታል። «ላዲስፖሊ ቼርቬቴሪ» ይላል። ሁላችንም የምንወርደው ለላዲስፖሊ ነው። ቼርቬቴሪ ከባሕሩ ፈቀቅ ብላ ኮረብታዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

እኔንም ወስደው ያሳዩኝ ሲኞራ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ሮም እንደመጣሁ እሳቸው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ትውልዳቸው ቼርቬቴሪ ነው። ኖቬምበር 2 ቀን እዚህ አገር የሙታን ቀን መሆኑን ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ የክሪዛንተም አበባ ይዞ ወደ መቃብር ይሄዳል። ሲኞራም እናታቸውና ባላቸው መቃብር ላይ አበባ ሊያኖሩ ፈለጉ፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ ሄድን። አበባውን አኖርን፣ ጸለዩ፣ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ «ልጄ፣ እዚህ ድረስ ከመጣን የድሮዎቹንም ሳንጠይቅ አንመለስም» አሉኝ።

የድሮዎቹ ያሏቸው ኤትሩስካውያን ናቸው፤ ሮም ሳትገን በፊት በዚህ በመካከለኛው ጣልያን ይኖሩ የነበሩ ሕዝብ። ዘመዶቻቸው ይመስሉኝ ነበር፤ አነጋገራቸው እንደዚያ ነበር።

ቦታው ባንዲታቺያ ይባላል። ከከተማው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሸለቆ ተሻግሮ ያለ ሜዳ ነው። ስገባ ያየሁትን አልረሳውም። ሣር የለበሱ ትልልቅ ክብ ጉብታዎች። በመካከላቸው የጥድና የሳይፕረስ ዛፍ። በጉብታዎቹ መካከል ደግሞ መንገድ አለ፤ እውነተኛ መንገድ። የጋሪ ጎማ ድንጋዩን ቦርቡሮት ሁለት መስመር ሠርቷል። መስቀለኛ መንገድ አለ። ትንሽ አደባባይ አለ። ግራና ቀኝ በር ይታያል። ያን ቀን የገረመኝ መቃብር ቦታ የገባሁ አለመምሰሉ ነው። ነዋሪው ለበዓል አገር ቤት የሄደበት ሰፈር ይመስላል።

የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ስለዚህ ስሜት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ደጋግሜ ተመላለስኩ፣ በኋላም ተማርኩበት፣ ዛሬ ሰው አስጎበኛለሁ። አሁንም እዚያ በገባሁ ቁጥር በመጀመሪያ ወደ አፌ የሚመጣው ቃል «ቤት» ነው።

መጀመሪያ ስለ ከተማዋ ትንሽ ልበል። ራሳቸው ኤትሩስካውያን ካይስራ ይሏት ነበር። ግሪኮች አጊላ አሏት፣ ሮማውያን ደግሞ ካይሬ። በመካከለኛው ዘመን ከሕዝቡ ከፊሉ ቼሪ ወደምትባል ሌላ አምባ ሲሄድ፣ የቀረችው «አሮጌዋ ካይሬ» ተባለች። ካይሬ ቬቱስ። ቼርቬቴሪ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ የምናያት ከተማ ግንቧም ቤተ መንግሥቷም የጥንቱን አምባ ትንሽ ጥግ ብቻ ነው የያዘችው። ቀሪው እርሻና ወይን ነው።

በጉልበቷ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ካይሬ በሜዲትራንያን ከታወቁት ከተሞች አንዷ ነበረች። ሀብቷ ከጀርባዋ ካሉት የቶልፋ ተራሮች ይወጣ ነበር፤ ብረትና መዳብ አለ። ከፊቷ ባሕር አለ። ወደቦች ነበሯት፤ ትልቁ ፒርጊ ይባላል፣ ዛሬ ሳንታ ሴቬራ የምትሉት የባሕር ዳር ግንብ ያለበት ቦታ ነው። የግሪክና የፊንቄ መርከቦች ይመጡ ነበር። ካይሬ በግሪክ ዴልፊ ቤተ መቅደስ ውስጥ የራሷ ግምጃ ቤት ነበራት። ከግሪክ ውጭ ላለ ሕዝብ ይህ ትልቅ ክብር ነው።

ሮምም ውለታ አለባት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ጋውሎች ሮምን ሲወሩ፣ የቬስታ ደናግል የሚባሉት ካህናት የሮምን ቅዱስ ንዋያት ይዘው የሸሹት ወደ ካይሬ ነው። የሮም ታሪክ ጸሐፊዎች ራሳቸው ይህን ጽፈዋል። መንገድ ላይ አንድ ተራ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ከጋሪው አውርዶ እነሱን እንደጫነ ሳይቀር ይተርካሉ። የዚያን ጊዜ ያስጠጋቻትን ከተማ ሮም ከመቶ ዓመት ትንሽ በኋላ ዋጠቻት።

እሺ፣ ከተማዋ እንዲህ ነበረች። አሁን የት አለች? ቤቶቿን ማየት ብትፈልጉ ብዙ የለም። ኤትሩስካውያን ቤታቸውን በጭቃ ጡብ፣ በእንጨት፣ በሣርና በሸክላ ክዳን ነበር የሚሠሩት። እኛ አገር የአያቶቻችን ቤት እንደሚሠራው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሰው ሲለቀው ዝናብ ይበላዋል፣ ማረሻ ያርሰዋል፣ በ2 ሺህ ዓመት ደብዛው ይጠፋል። መቃብራቸውን ግን ከድንጋይ ፈለፈሉ። ሲፈለፍሉም የሚያውቁትን ቤት አስመስለው ፈለፈሉ። ስለዚህ የተቀበሩበት ቤት ሲተርፍ የኖሩበት ቤት መልክም አብሮ ተረፈ።

ድንጋዩ ቱፎ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ከመሬት ውስጥ ሳለ በመጥረቢያ ይቆረጣል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ላሊበላን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እዚያም እዚህም ግንበኛው ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልካበም። ካለው ላይ እየቀነሰ ሠራ። ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ መመለሻ የለውም። የትልልቆቹ ጉብታዎች ዙሪያ ግድግዳ አብዛኛው ያው አለቱ ነው፤ ከላዩ አፈር ክበውበት ሣር አለበሱት። ከ40 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጉብታ አለ።

ከሁሉም የቆየው ሥርዓት ሌላ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሬሳውን አቃጥለው አመዱን በማሰሮ አድርገው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ቤት የሚመስለው መቃብር የመጣው ሀብት ሲመጣ ነው፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ዛሬ «የጎጆ መቃብር» ይሉታል። ስትገቡ ጣሪያው ከሁለት ወገን ዘንበል ብሎ ይወርዳል፣ ግድግዳው ዝቅተኛ ነው። የሣር ጎጆ ውስጥ ያላችሁ ይመስላችኋል። ድንጋይ መሆኑን ለማመን በእጅ መንካት ያስፈልጋል። ቆይተው የተሠሩት ደግሞ ሰፋ ያሉ ናቸው። በደረጃ ትወርዳላችሁ። ግራና ቀኝ ትንሽ ትንሽ ክፍል አለ። ከዚያ ሰፊ እልፍኝ። ከኋላው ሦስት ጓዳ። ወደ ጓዳዎቹ የሚያሳይ መስኮት ሳይቀር በድንጋይ ወጥቷል። ቀና ስትሉ ምሰሶውና ወራጁ አንድ በአንድ ተቀርጿል። እንጨት የሌለበት ቤት የእንጨት ጣሪያ አለው።

በየግድግዳው ሥር ደግሞ መደብ አለ። «መደብ» የምትለዋን ቃል ያገኘኋት ቀን ደስ አለኝ። አስጎብኚዎች «የሬሳ አልጋ» ይላሉ። እኔ ግን አያቴ ቤት የተኛሁበት መደብ ነው ትዝ ያለኝ። ከግድግዳው ጋር አንድ አካል የሆነ፣ ትራስ ያለበት፣ ሰው ጋደም የሚልበት። ትራሱም ከድንጋይ ነው፤ ለራስ ቅል ማረፊያ ጎድጎድ ተደርጓል።

«የጋሻዎችና የወንበሮች መቃብር» የሚባለውን እንዳያመልጣችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እልፍኙ ውስጥ መደገፊያ ያላቸው ሁለት ወንበሮች ከግድግዳው ወጥተው ቆመዋል፤ እግር ማሳረፊያም አላቸው። ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ጋሻ ተሰቅሏል። ሁሉም ያው አለቱ ነው። ባዶ ወንበር ፊት ቆሞ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው መሆን ያስቸግራል፤ ብዙ ጎብኚ እዚያ ዝም ይላል።

አሁን ስለ ወንድና ሴት ልንገራችሁ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። በወንድ አልጋ እግር በኩል የተቀረጸው ምሰሶ መሳይ ነገር ነው። የሴቷ አልጋ ደግሞ ራስጌና ግርጌው ጣሪያ ያለው ቤት ይመስላል። ከውጭም በሩ አጠገብ ትንንሽ ድንጋዮች ይተከሉ ነበር። ለወንድ ምሰሶ፣ ለሴት ትንሽ ቤት። በሩ ላይ ቆመህ ድንጋዮቹን ብትቆጥር ውስጥ ስንት ወንድ ስንት ሴት እንዳረፉ ታውቃለህ። ሴቷ ቤት ናት ማለታቸው ነው። ይህን ሳስረዳ «እቤት ትዋል ማለት ነው» የሚለኝ ሰው አላጣም። እንደዚያ አይመስለኝም። የኤትሩስካውያን ሴት የራሷ ስም ነበራት፤ ሮማዊቷ በአባቷ የቤተሰብ ስም ስትጠራ እሷ ራምታ፣ ላርቲ፣ ታናክቪል እየተባለች በስሟ ትጻፍ ነበር። ከባሏ ጋር ገበታ ላይ ትቀርብ ነበር። ቴዎፖምፖስ የሚባል የግሪክ ጸሐፊ ይህን ሰምቶ በጣም ተቆጥቶ ጽፏል፤ በግሪክ ጨዋ ሴት ከወንዶች ጋር ግብዣ ላይ አትቀመጥም ነበርና።

ቁጣው ሐሰት አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር እዚሁ ሮም አለ። ቪላ ጁሊያ ሙዚየም ሂዱና «የባልና ሚስቱ ሳርኮፋገስ» የሚባለውን የሬሳ ሣጥን እዩ። ከሸክላ የተሠራ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 520 ገደማ። በ1881 ባንዲታቺያ ውስጥ ተሰባብሮ ተገኘ፣ ከ400 በላይ ስብርባሪ ሆኖ። የሙዚየሙ መሥራች ፌሊቼ ባርናቤይ በ1893 በ4 ሺህ ሊሬ ገዛው። ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። እሱ ከኋላዋ ነው፣ ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። እሷ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ታወራለች። የያዘችው ነገር ጠፍቷል፤ የጣቶቿ አያያዝ ግን አለ። ሽቶ እያፈሰሰችለት ይሆናል። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። የሠርግ ፎቶ አይመስልም፤ ለብዙ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ማምሻ ላይ ሲጫወቱ ነው የሚመስለው።

የሱ ወንድም የሆነ ሌላ ሳርኮፋገስ ደግሞ ፓሪስ ሉቭር ውስጥ አለ። እንዴት ሄደ? ማርኬዝ ካምፓና የሚባል ሰው ነበር፤ በ1840ዎቹ ቼርቬቴሪን ሲቆፍር የኖረ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ያስተዳድረው ከነበረው የጳጳሱ መንግሥት የመያዣ ባንክ ገንዘብ አውጥቶ ለስብስቡ ይገዛበት ነበር። ታሰረ፣ ስብስቡም ተሸጠ። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ በ1861 ትልቁን ድርሻ ገዛ። ከዚያ በፊት በ1836 ደግሞ ሬጎሊኒ የተባለ የቼርቬቴሪ ቄስና ጋላሲ የተባለ ጄኔራል ሶርቦ በሚባለው ሌላ መቃብር ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ7ኛው ክፍለ ዘመን የሆነ መቃብር ሳይነካ አገኙ። ውስጡ ጋሪ፣ የነሐስ አልጋ፣ የብር ሳህን፣ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አንበሶች የተቀረጹበት የወርቅ መርፌ ቁልፍ ነበር። አሁን ቫቲካን ሙዚየም ነው ያለው። መቃብሩ ስሙ ማን ሆነ? «ሬጎሊኒ ጋላሲ»። የተቀበረችበት ሴት ቀርታ የቆፈሩት ሁለት ወንዶች ስም ወጣለት። ይህ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል።

ከዚያ «የቅርጻ ቅርጽ መቃብር» አለ። እሱንም ያስከፈተው ያው ካምፓና ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ300 ገደማ የሆነ፣ የማቱና ቤተሰብ መቃብር ነው። ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ ቁልቁል በደረጃ ወርዳችሁ በመስታወት ነው የምታዩት። ግን ቁሙና ረጋ ብላችሁ እዩት። ግድግዳውና ምሰሶዎቹ ላይ በኖራ ልስን ተቀርጾ ቀለም የተቀባ የቤት ዕቃ ሞልቷል። ቢላዋ። ጭልፋ። መጥረቢያ። የተጠቀለለ ገመድ። ማንቆርቆሪያ። ከረጢት። ሁሉም ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። ዝይ አለች። የራስ ቁርና ሰይፍም አለ፣ እኔ ግን ዓይኔን የሚይዘው እሱ አይደለም። መሐል ካለው አልጋ ላይ ሁለት ትራስ አለ። አልጋው አጠገብ ሣጥን፣ ሣጥኑ ላይ የታጠፈ የተልባ እግር ጨርቅ። መጽሐፍ ነው፤ ኤትሩስካውያን በጨርቅ ላይ ይጽፉ ነበር። ከአልጋው ግርጌ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። ጠዋት ስትነሳ እግሯን የምታስገባበት ይመስላል። ሲኞራ እዚያ መስታወት ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው «ወጥ ቤቴን ነው የማየው» ብለው ነበር። እኔም የእሳቸውን ወጥ ቤት የማጸዳው ሰው ነኝና ልክ እንደሆኑ መሰከርኩላቸው። ጭልፋው የሚሰቀልበት ቦታ ሳይቀር ያው ነው።

አሁን ወደ አንድ ነገር ልውሰዳችሁ፣ ለእኛ ብቻ የሚገባ ነገር።

የኤትሩስክ ቋንቋ ዘመድ አልባ ነው ማለት ይቻላል። ከላቲንም ከግሪክም አይገጥምም። ፊደሉን ከግሪክ ወስደው ከቀኝ ወደ ግራ ስለጻፉት ድምፁን ማንበብ ይቻላል። ትርጉሙ ነው የሚያስቸግረው። የምናውቃቸው ቃላት አብዛኞቹ ከመቃብር የተገኙ ናቸው፤ ስለዚህ የቤተሰብ ቃላት ናቸው። ወንድ ልጅ «ክላን» ነው። ሴት ልጅ «ሴክ»። ሚስት «ፑያ»። እናት «አቲ»። አባት «አፓ»። ከኛ «አባ» ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን አንዴ ከሰማሁት በኋላ ከጆሮዬ አልወጣም። መቃብር ደግሞ «ሱቲ» ነው።

በ1964 የካይሬ ወደብ በነበረችው ፒርጊ ሲቆፈር ሦስት ስስ የወርቅ ቅጠሎች ተጠቅልለው ተገኙ። ምስማሮቻቸውም አብረው ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ500 ገደማ ናቸው። የካይሬ ገዥ ቴፋርዬ ቬልያናስ ለአንዲት አምላክ ቤተ መቅደስ ማቆሙን ይናገራሉ። ሁለቱ በኤትሩስክ የተጻፉ ናቸው። ሦስተኛው በፊንቄ ነው።

ፊንቄ የሴም ቋንቋ ነው፤ የግዕዝ ዘመድ። ቪላ ጁሊያ ውስጥ ያ ወርቅ ፊት ቆሜ ትርጉሙን ከጎኑ አንድ በአንድ ሳስተያይ ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ። አናባቢ አይጽፉም፤ እኛ ስናነበው እንሞላዋለን። መጀመሪያ ላይ ቦታውን ሲገልጽ «ቅ ድ ስ» ይላል። ቅዱስ። «ብ ት» ይላል። ቤት። ወሩን ሲናገር «ይ ር ኅ» ይላል። ወርኅ። «ዝ ብ ኅ» ይላል፤ ግዕዙ ዘብሐ፣ መሥዋዕት አረደ ነው። የንግሡን ሦስተኛ ዓመት ሲቆጥር «ሽ ል ሽ» ይላል፤ የኛው ሠለስቱ። ቀኑን ሲናገር ደግሞ «ቅ ብ ር» ይላል። ቀብር። «የአምላክ ቀብር ቀን» ነው የሚለው። መጨረሻው ላይ ለቤተ መቅደሱ ዕድሜ ሲመኝ «ከመ»፣ ማለትም እንደ፣ ካለ በኋላ «ኮከብ» ይላል። ዓመቶቹ እንደ እነዚህ ከዋክብት ይሁኑ ማለት ነው።

ቤተ መቅደሱ የተሠራላት አምላክ በኤትሩስክ ዩኒ፣ በፊንቄ አስታርት ናት። ንጉሥ ኢዛና ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ባስጻፈው ድንጋይ ላይ የጠራውን አስታርን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ስማቸው ከአንድ ሥር ነው።

ጣልያናዊ ጎብኚ ያን ቅጠል ሲያይ መስመር ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ቅዳሴ የቆምኩበት ቋንቋ ሲያናግረኝ ሰማሁ። ከ2,500 ዓመት በፊት፣ ከላዲስፖሊ የባሕር ዳርቻ አለፍ ብሎ። እንባዬ መጣ። ጥበቃው ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

ወደ መቃብሩ ልመለስ፤ አንድ ከባድ ነገር ይቀረኛል።

በካይሬ መቃብሮች ውስጥ ካካባቢው ጥቁር አንጸባራቂ ሸክላ ጋር የግሪክ ዕቃ በብዛት ይገኛል። ጥቁሩ ሸክላ ቡኬሮ ይባላል፣ እንደኛ ጀበና ውስጡም ውጩም ጥቁር ነው፤ እሳቱን አየር አሳጥተው ሲያቃጥሉት ይጠቁራል። የግሪኩን ደግሞ በብረታቸውና በመዳባቸው ይገዙት ነበር። ዛሬ በዓለም ሙዚየሞች ካሉት ምርጥ የአቴና ሸክላ ዕቃዎች ብዙው የተገኘው አቴና ሳይሆን ኤትሩስክ መቃብር ውስጥ ነው።

በ1950ዎቹ ካርሎ ለሪቺ የሚባል ኢንጂነር መቃብሮችን ሳይቆፍር የሚያገኝበት መንገድ አመጣ። መሬቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየላከ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ቀጭን ቀዳዳ ይበሳና ካሜራ ያለው ረጅም ቱቦ ያስገባል። ውስጡን ፎቶ ያነሳል። እንዲህ እየተደረገ ብዙ መቃብር ታወቀ። ካሜራው ያሳየው ግን አብዛኛው ቀድሞ የተዘረፈ መሆኑን ነው።

ዘራፊዎቹን እዚህ አገር ቶምባሮሊ ይሏቸዋል። ረጅም ብረት መሬት እየወጉ በድምፁና በልስላሴው ባዶ ክፍል ይለያሉ። ማታ ይቆፍራሉ። በ1971 መጨረሻ ከቼርቬቴሪ አጠገብ ግሬፔ ሳንታንጄሎ በሚባል ቦታ ከአንድ መቃብር ትልቅ ጋን አወጡ። ወይን ከውኃ የሚበረዝበት፣ 45 ሊትር ያህል የሚይዝ ጋን ነው። ኤውፍሮንዮስ የሚባል የአቴና ሠዓሊ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 515 ገደማ የሣለው ነው። ሥዕሉ በግሪኮች ተረት በትሮይ ጦርነት ላይ የወደቀውን ጀግና ሳርፔዶንን ያሳያል። እንቅልፍና ሞት፣ ሁለት ክንፍ ያላቸው ወንድማማቾች፣ ሬሳውን አንስተው ወደ አገሩ ሊወስዱት ነው። እንዲቀበር። ከቁስሉ ደም ይወርዳል። የሰው አካል እንደዚያ ተሥሎ አይቼ አላውቅም።

ጋኑ በ1972 ኒውዮርክ ገባ። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለበት። ከአንድ የቆየ የግል ስብስብ የመጣ ነው ተባለ። ወደ አገሩ ሬሳ የሚሸኙ ሁለት ወንድማማቾች የተሣሉበት ዕቃ ራሱ ከአገሩ ተሰደደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ሮም ቆየት ያላችሁ ሰዎች፣ ቺርኮ ማሲሞ አጠገብ፣ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት የነበረውን የአክሱም ሐውልት ታስታውሳላችሁ። እኔ እዚያ አውቶቡስ ስጠብቅ ቀና ብዬ አየው ነበር። ያ ሐውልት 24 ሜትር የሆነ ምንድን ነው? ቤት ነው። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ የወራጆቹ ጫፍ ወጥቶ ይታያል፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርድሯል። የቆመውም በመቃብር ሥፍራ ነው። የአክሱም ነገሥታትና የካይሬ ባለጸጎች ሳይተዋወቁ፣ በብዙ መቶ ዓመት ተለያይተው አንድ ሐሳብ አሰቡ። ለሞተ ሰው ቤት ይገባዋል አሉ።

ሐውልቱ በ1937 ተወሰደ። በ1947 ውል ጣልያን ልትመልሰው ተስማማች። የተመለሰው በ2005 ነው። ጣልያን ውስጥ ያኔ «ይቅር፣ እዚህ ይሻለዋል፣ ለዓለም ይታያል» የሚሉ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ጣልያን ኒውዮርክን ጋኑን እንድትመልስ ትጠይቅ ነበር። ከዚያኛው ወገን ይመጣ የነበረውም መልስ ይኸው ነበር፦ እዚህ ብዙ ሰው ያየዋል። በ2006 ስምምነት ተፈረመ፣ ጋኑ በጃንዋሪ 2008 ሮም ገባ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሐውልቱ አክሱም ላይ ቆሞ ተመረቀ። ሁለቱን ዜና በአንድ ዓመት ሰማሁ። ለሁለቱም እልል አልኩ፤ ለአንዱ ብቻ እልል ማለት አይቻልም።

«ብዙ ሰው ያየዋል» የሚለው ነገር ለምን እንደማያሳምነኝ ልንገራችሁ። ያ ጋን ከየትኛው ክፍል እንደወጣ በርግጥ አይታወቅም። አጠገቡ ማን ተኝቶ ነበር? ወንድ ነው ሴት? መደቡ ላይ ምን ነበር? በሩ ላይ ስንት ምሰሶ፣ ስንት ቤት ነበር? ዘራፊው ውድ ዕቃውን ሲያወጣ ሌላውን ይሰብራል፣ አጥንቱን ይበትናል። የቤቱ ሰዎች ታሪክ የነበረው በዕቃዎቹ አቀማመጥ ውስጥ ነው። የሬጎሊኒ ጋላሲዋ ሴት ስሟን በርግጠኝነት ባናውቅም ወርቋ ደረቷ ላይ መኖሩን፣ አልጋዋ የት እንደነበር እናውቃለን። የጋኑን ባለቤት ግን ፈጽሞ አናውቀውም። ማንም መልሶ ሊያመጣው አይችልም፣ በ1 ሚሊዮን ዶላርም ቢሆን።

ጋኑ መጀመሪያ ቪላ ጁሊያ ነበር። አሁን ቼርቬቴሪ ነው ያለው፣ መሐል ከተማ በሩስፖሊ ግንብ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሙዚየም። በ1999 ከአሜሪካ የተመለሰ ሌላ የኤውፍሮንዮስ ጽዋም አብሮት አለ። እሁድ ከሰዓት ስትሄዱ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወይ አራት ሰው ነው የምታገኙት። ብቻችሁን ከሳርፔዶን ጋር ትቆማላችሁ። ሰው ስላነሰ ኀዘን የሚሰማቸው አሉ። ሲኞራ ጋኑ ሲመለስ በሕይወት አልነበሩም እንጂ፣ ቢኖሩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። «ቤቱ ገባ» ይሉ ነበር።

ባንዲታቺያና የሌላዋ የኤትሩስክ ከተማ የታርኲኒያ መቃብር ሥፍራ ሞንቴሮዚ በ2004 አንድ ላይ በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ከታርኲኒያዎቹ የአንዳንዶቹ ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ነው፣ ሌላ ቀን እንነጋገርባቸዋለን። የባንዲታቺያ ስፋት ወደ 400 ሄክታር ነው፣ ለጎብኚ የተከፈተው 10 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ቀሪው በሣርና በእሾህ ሥር ነው።

በሚቀጥለው እሁድ መሄድ ለምትፈልጉ፣ በባቡር ላዲስፖሊ ወርደን ወደ ላይ አውቶቡስ እንይዛለን። የማይንሸራተት ጫማ አድርጉ፤ ዝናብ ከጣለ ደረጃው ያሟልጫል፣ አንዳንዱ መቃብር ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ባትሪ ያዙ፣ ስልካችሁ አይበቃም። ልጆች ካሏችሁ አምጧቸው፣ አይፈሩም፤ ድንጋይ ወንበሩን አይተው ነው የሚስቁት። መጀመሪያ ከምንደርስበት ጉብታ ወዲያው አንገባም። በሩ ላይ እንቆምና ምሰሶዎቹንና ትንንሾቹን ቤቶች እንቆጥራለን።